የመጀመሪያ ፓድል ቦርድ አመራረጥ

ፓድል ቦርድ ሰው ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ እየቀዘፈ በውኃ ላይ የሚሄድበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። እንደ ጀልባ ዙሪያውን የሚከልል ግድግዳ የለውም፤ ተሳፋሪው ገብቶ የሚቀመጥበት ሆድም የለውም። ቀዛፊው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከእግሩ ሥር ያለው ሰሌዳ በሚሰጠው ሚዛን ነው። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥና ደጋግሞ ሲወድቅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ያልመጠነው ሰሌዳ ነው። በጠባብ ወይም በትንሽ ሰሌዳ የጀመረ ሰው ላለመውደቅ ሲታገል ይውላል፤ መቅዘፍ ለመማር ጊዜም ጉልበትም አይተርፈውም። የሚመጥነውን ያገኘ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ዐይኑን ከእግሩ ላይ አንሥቶ ዙሪያውን ማየት ይጀምራል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሰሌዳ ሲመረጥ ዋጋና መልክ መጨረሻ ላይ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው። ቀድሞ የሚጠየቀው በየትኛው ውኃ ላይ ይቀዘፋል የሚለው ነው፤ ቀጥሎ የቀዛፊው ክብደት ስንት ነው የሚለው ይከተላል። የሰሌዳው ይዘት፣ ስፋት፣ ርዝመት፣ ቅርጽና የተሠራበት ነገር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መልሶች ይወጣሉ።

አመጣጡ

ቀላል ተንሳፋፊ ሠርቶ በውኃ ላይ መሄድ በብዙ አገር የኖረ ጥበብ ነው። በፔሩ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል የውኃ ዳር ተክል በታሰረ ጠባብ ታንኳ ማዕበል ይሻገራሉ። በጣና ሐይቅ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። የደንገል አገዳ የሚንሳፈፈው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ውኃ በጠጣ ቁጥር ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። በዛሬው ዘመን በሱቅ የሚሸጠው ፓድል ቦርድም የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ ልዩነቱ አየሩ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ውስጥ መታሸጉ ነው።

በዛሬ መልኩ የሚታወቀው ስፖርት የመጣው ከሃዋይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ የነበሩ የሰርፊንግ (ማዕበል የመጋለብ) አስተማሪዎች በትልልቅ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ መቅዘፊያ ይዘው፣ የሚመጣውን ማዕበልና ተማሪዎቻቸውን ከፍ ብለው ይመለከቱ ነበር። ልማዱ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝም፣ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የተባሉ የማዊ ደሴት ሰርፈሮች መልሰው ሲያነሡት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። ይህ ታሪክ ለገዢ አንድ ትርጉም አለው፦ ስፖርቱ ከማዕበል ስለተወለደ በገበያ ላይ ከሚገኙት ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ ዛሬም ለማዕበል የተሠሩ ናቸው። እነዚህ አጫጭርና ጠባብ ሆነው ቶሎ እንዲታጠፉ የተቀረጹ ስለሆኑ፣ በጸጥተኛ ሐይቅ ላይ መቆም ለሚማር ሰው አይሆኑም።

ውኃው

ለጀማሪ የሚበጀው ውኃ የረጋ፣ ጥልቀቱ የታወቀ፣ ነፋስ የማይበረታበትና ወደ ዳር ለመመለስ የሚቀርብ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ጠዋት ውኃው ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ሰውነቱ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል፤ ከዳር ወደ ውስጥ የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ ዳሩ አካባቢ ያለው ውኃ ለጥ ያለ ስለሚመስል ያታልላል፤ አደጋው የሚታወቀው መመለስ ሲያቅት ነው። በኢትዮጵያ ለመማር ከሚመቹት ውኃዎች አንዱ ላንጋኖ ነው፤ ቢልሃርዝያ የሌለበት በመሆኑ ለዋና ሲመረጥ ኖሯል። በጣናና በሐዋሳ ግን ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው፤ ጀማሪ ደጋግሞ የሚወድቀውም እዚያው ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከተዋል። ጣና ጉማሬ አለበት፤ ጫሞ አዞ አለበት። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ከአካባቢው ታንከኞች ምክር ሳይጠይቁ መግባት አይገባም።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩም ውኃው የሰሌዳውን ዓይነት ይወስናል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ የሚያልፈው ፖቶማክ ወንዝ በአንዳንድ ክፍሉ የረጋ፣ በሌላው ድንጋያማና ፈጣን ነው፤ ድንጋይ ባለበት ወንዝ ላይ አጭርና በአየር የሚነፋ ሰሌዳ ከሚታጠፍ ክንፍ ጋር ይመረጣል። በሚኒሶታ ሐይቆች ላይ ረጅም ርቀት መሄድ የሚፈልግ ሰው ረዘም ያለውን ይመርጣል፤ በጸደይ ወራት ግን አየሩ ሞቆ ውኃው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለበትም። በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ዋናተኛም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊሰምጥ ይችላል። በእስራኤል በኔታንያና በአሽዶድ ዳርቻ የሜዲትራኒያን ማዕበል ስላለ ፊቱ ክብና ወደ ላይ ቀና ያለ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ለጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ሙቀት በሚነፋ ሰሌዳ ላይ የሚያደርሰው ጫና ወደፊት ይገለጻል።

ክብደትና ይዘት

ከ2,200 ዓመት ገደማ በፊት በሲራኩስ የኖረው አርኪሜዲስ እንዳስረዳው፣ በውኃ ላይ ያለ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ቦታውን በለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ በሚመዝን ሰሌዳ ላይ 5 ኪሎ ዕቃ ይዞ ቢቆም ጠቅላላው 85 ኪሎ ነው፤ ሰሌዳው 85 ሊትሩ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይሰጥማል፤ ከዚያ ይቆማል። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ትንሽ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.025 ኪሎ ያህል ነው። ልዩነቱ ግን የሰሌዳ ምርጫን የሚቀይር አይደለም።

ከዚህ ስሌት 90 ሊትር ይዘት ያለው ሰሌዳ 85 ኪሎውን ይችላል የሚል ድምዳሜ ይወጣል። ይችላልም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቀዛፊው ክብደቱን ወደ አንድ እግሩ ባዛወረ ቁጥር ያኛው ጠርዝ ይሰጥማል። ሰሌዳ የሚያስተካክለው ከውኃ በላይ የቀረው ክፍሉ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ሲጫን ወደ ውኃ ገብቶ መልሶ የሚገፋ መጠባበቂያ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሠራበት ቀላል መለኪያ ይህ ነው፦ የሰሌዳው ይዘት በሊትር ሲቆጠር ከቀዛፊው ክብደት በኪሎ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 140 ሊትር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ይዘቱ ባልተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ግምቱን ማውጣት አይከብድም። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ይባዛሉ፤ ጫፎቹ ጠባብ ስለሆኑ ከውጤቱ ሦስት አራተኛው ይወሰዳል። 3.2 ሜትር ርዝመት፣ 81 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ የሚነፋ ሰሌዳ በዚህ ስሌት ወደ 290 ሊትር ይጠጋል። የሚነፉ ሰሌዳዎች ወፍራም ስለሆኑ ይዘት አያጥራቸውም። በቀጫጭን ጠጣር ሰሌዳዎች ላይ ግን ቁጥሩ መጠየቅ አለበት።

በሰሌዳው ላይ የተጻፈ ከፍተኛ የክብደት ልክ በጥንቃቄ ይነበባል። አንዳንድ አምራች ይህን ቁጥር የሚጽፈው ሰሌዳው ሳይሰጥም የሚሸከመውን ለማመልከት ነው፤ ጀማሪ ተመቻችቶ የሚቆምበት ክብደት ከዚያ ዝቅ ይላል። ልጅ ወይም ውሻ ይዞ፣ ስንቅና ድንኳን ጭኖ ለመሄድ ያሰበ ሰው ያንን ሁሉ ከራሱ ክብደት ጋር ደምሮ፣ ድምሩ ከተጻፈው ልክ ቢያንስ በሩብ የሚያንስ ሰሌዳ ቢመርጥ አይቆጭም።

ስፋት፣ ርዝመት፣ ውፍረት

በአብዛኛው ገበያ ልኬቶቹ የሚጻፉት በጫማና በኢንች ነው። አንድ ጫማ 30.48 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። 10 ጫማ ከ6 ኢንች የሚል ጽሑፍ 3.2 ሜትር ማለት ነው፤ 32 ኢንች ስፋት 81 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ኢንች ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከሦስቱ ልኬቶች ለጀማሪ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ስፋት ነው። ሰሌዳ ወደ ጎን ሲያጋድል መልሶ የሚያስተካክለው ኃይል ከስፋቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ በ84 ቢተካ ስፋቱ የጨመረው ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነው፤ ርዝመቱና ጭነቱ ሳይለወጥ ይህ የማስተካከል ኃይል ግን ከመቶ 35 ያህል ይጨምራል። በሱቅ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ሲታዩ የማይለዩ ሁለት ሰሌዳዎች ውኃ ላይ እጅግ የሚለያዩት ለዚህ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ጀማሪ ከ81 እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከ60 ኪሎ በታች የሚመዝን ወይም ቁመቱ አጠር ያለ ሰው በ76 እና በ81 መካከል ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ከልክ ያለፈ ስፋት የራሱ ጉዳት አለው፤ ክንድ ከጠርዙ ውጭ ለመድረስ ስለሚዘረጋ መቅዘፊያው ያዘነብላል፣ ሰሌዳው በእያንዳንዱ ቅዝፊያ አፍንጫውን ያዞራል፣ ትከሻም ቶሎ ይደክማል።

ሚዛን ከሰሌዳው በተጨማሪ ከቀዛፊው የክብደት ማዕከል ከፍታ ጋርም ይያያዛል። የቆመ ሰው የክብደት ማዕከሉ ከእምብርቱ አካባቢ ነው፤ ሲንበረከክ ግን ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ጀማሪ መጀመሪያ ተንበርክኮ እንዲቀዝፍ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተንበርክኮም ቢሆን የሚያወላውል ሰሌዳ ለዚያ ሰው ጠባብ ነው።

ርዝመት የሚገዛው ፍጥነትንና አቅጣጫን ነው። ረጅም ሰሌዳ በአንድ ቅዝፊያ ርቆ ይንሸራተታል፣ ቀጥ ብሎም ይሄዳል፤ ለመዞር ግን ይዘገያል። አጭሩ ቶሎ ይዞራል፤ ቀጥታ ለመሄድ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ደጋግሞ መቀያየር ያስፈልጋል። ከ3 እስከ 3.35 ሜትር ያለው ለጀማሪ የመሀል መንገድ ነው። 3.8 እና 4.27 ሜትር የሆኑት ለረጅም ጉዞና ለውድድር የተሠሩ ናቸው።

ውፍረት በተለይ በሚነፋ ሰሌዳ ላይ ዋጋ አለው። 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ሰሌዳ ከባድ ሰው ሲቆምበት እንደ ላላ ጠፍር አልጋ መሀሉ ይረግባል። የረገበ ሰሌዳ ውኃ ይገፋል እንጂ አይንሸራተትም፤ ከእግር ሥርም ይወዛወዛል። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለአብዛኛው አዋቂ ይስማማል።

ቅርጽ

ሰሌዳ ከፊት ሲታይ ዓይነቱ ይታወቃል። ፊቱ ክብና ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል፤ ለሐይቅም፣ ለዝግተኛ ወንዝም፣ ለትንሽ ማዕበልም ይሆናል። ሁሉ አቀፍ የሚባለው ይህ ነው፤ የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ሰሌዳም ይኸው ቢሆን ይመከራል። ፊቱ እንደ ጀልባ የሾለው ውኃውን ከፍሎ ይሄዳል፤ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ይላል፤ በአብዛኛው ግን ጠበብ ያለና ለመዞር የሚያስቸግር ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓላማው ረጅም ርቀት የሆነ ሰው ስፋቱ ከ81 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የሾለ ሰሌዳ ሊወስድ ይችላል። ለዮጋ የሚሠሩት ሰፋፊ፣ ለማዕበል የሚሠሩት አጫጭር ሰሌዳዎች ዓላማቸው ለተለየ ሰው የሚተዉ ናቸው።

የሚነፋ ወይስ ጠጣር

ጠጣር ሰሌዳ ከቀላል አረፋ ተቀርጾ በፋይበርግላስና በኢፖክሲ የተሸፈነ ነው። ጠርዙ ሹል፣ ሆዱ ለስላሳ ስለሆነ ከሚነፋው ይልቅ በፍጥነት ይንሸራተታል፤ መንፋትም አያስፈልገውም። በአንጻሩ ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ውኃም አረፋውን ያከብደዋል። ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ዕቃ የሚቀመጥበት ግቢና የሚጫንበት መኪና ይፈልጋል። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን ውሳኔውን ይጨርሰዋል።

የሚነፋ ሰሌዳ በቅድሚያ ሲታይ የልጆች መጫወቻ ይመስላል። በውስጡ ያለው ሥራ ግን የረቀቀ ነው። ላይኛውና ታችኛው ጨርቅ በሺዎች በሚቆጠሩ እኩል ርዝመት ባላቸው ክሮች የተያያዙ ናቸው፤ አየር ሲሞላ ጨርቆቹ ክሮቹ እስከሚፈቅዱላቸው ድረስ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ እንደ ኳስ ከመድቦልቦልና ከማበጥ ይልቅ ጠፍጣፋና ደረቅ ሆነው ይቆማሉ። ድሮፕ ስቲች የሚባለው ይህ አሠራር ለፓድል ቦርድ የተፈጠረ አይደለም፤ የጉድይር ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ላሳየው በአየር ለሚነፋ አውሮፕላን ተመሳሳይ ጨርቅ ተጠቅሞ ነበር። በፓድል ቦርድ ላይ ጨርቁ በፒቪሲ ይሸፈናል። ሲተነፍስ ተጠቅልሎ በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ይገባል፤ ብዙዎቹ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናሉ። ድንጋይ ቢነካው ይነጥራል፤ ልጅ ቢወድቅበትም አይጎዳም። በእነዚህ ምክንያቶች ለአብዛኛው ጀማሪ የሚነፋው ይመረጣል።

የሚነፋ ሰሌዳ ጥንካሬው የአየር ግፊቱ ነው። አብዛኞቹ ፒኤስአይ በተባለው የግፊት መለኪያ ከ12 እስከ 15 ይሞላሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ቫልቩ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ሰሌዳው ቅርጹን ሲይዝ ሞላ ብለው በማቆም ነው። የብዙ ፓምፕ ግፊት መለኪያ መርፌ እስከ 5 ወይም 7 ፒኤስአይ ድረስ ላይነቃነቅ ይችላል፤ ከባዱ ሥራ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ጋር የሚመጣው ፓምፕ መለኪያ ያለውና በመጨረሻ ሲገፋ ብቻ ወደሚነፋበት የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል። ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ላንጋኖ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ በባሕር ጠረፍ ከሚያስፈልገው በአንድ አሥረኛ ገደማ የሚበልጥ የፓምፕ ግፊያ ይጠይቃል። ከመንፋት በፊት የቫልቩ መሀል ያለው ምላስ ወደ ላይ መውጣቱ ይታያል፤ ወደ ውስጥ እንደገባ ከቀረ ቱቦው ሲነቀል አየሩ ሁሉ ይወጣል።

ሙቀት ግፊትን ይጨምራል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 15 ፒኤስአይ የተሞላ ሰሌዳ ፀሐይ ላይ ተኝቶ በውስጡ ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 18 ይጠጋል። በዱባይ ወይም በአቡ ዳቢ አሸዋ ላይ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ስፌቱን ይፈትነዋል። በዕረፍት ጊዜ ሰሌዳው ጥላ ሥር ወይም ውኃው ላይ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነም ጥቂት አየር ይቀነስለታል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ፀሐይ ላይ የተነፋ ሰሌዳ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ ይለሰልሳል።

ክንፎች

ከሰሌዳው ሆድ በኋላ በኩል የሚተከለው ክንፍ ሰሌዳውን ቀጥ አድርጎ ይመራል። ክንፉ የሌለው ሰሌዳ በአንድ ጎን በተቀዘፈ ቁጥር እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ትልቅ የመሀል ክንፍ ለሐይቅ በቂ ነው፤ ሁለት ትንንሽ የጎን ክንፎች ቢጨመሩ ለጀማሪ ይረዳሉ። የሚተከለው ኩርባው ወደ ኋላ ዞሮ ነው። የሚወልቅ ክንፍ የተሻለ ነው፤ ሲሰበር ይተካል፣ ለጥልቀት የለሽ ወንዝ ደግሞ በአጭሩ ይለወጣል። በአምራቹ ብቻ የሚገኝ ልዩ ማስገቢያ ያለው ሰሌዳ ሲገዛ፣ መለዋወጫው በሚኖሩበት አገር መገኘቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

መቅዘፊያው

የሰሌዳው ሞተር መቅዘፊያው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጨርሶ መቅዘፊያውን ይረሳል። ርዝመቱ ከቀዛፊው ቁመት ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሰው 190 ገደማ ይስማማዋል። ያለ ሜትር የሚለካበት መንገድም አለ፤ መቅዘፊያው አጠገብ ቆሞ ክንድን ወደ ላይ ሲዘረጉ እጀታው የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ርዝመቱ የሚስተካከል ቢሆን ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ማቆሚያው ሲጫን የማይንሸራተት መሆኑ በሱቁ ውስጥ ይፈተናል።

ክብደቱ ቀላል የሚመስል ግን የሚቆጠር ነው። የአሉሚኒየም መቅዘፊያ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የካርቦኑ 600 ግራም አካባቢ ነው፤ የፋይበርግላሱ መሀል ላይ ይገኛል። በደቂቃ 30 ጊዜ የሚቀዝፍ ሰው በሰዓት 1,800 ጊዜ መቅዘፊያውን ያነሣል። 400 ግራም ልዩነት በዚህ ቁጥር ሲባዛ 720 ኪሎ ይሆናል፤ ይህን የሚሸከመው ትከሻ ነው። ፋይበርግላስ ለጀማሪ ጥሩ መካከለኛ ምርጫ ነው። የአሉሚኒየሙን የሚገዛ ሰው ውኃ ገብቶበት የማይሰጥም መሆኑን ይጠይቅ። የመቅዘፊያው ምላስ ከዘንጉ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ ሲያዝ ምላሱ ከቀዛፊው ርቆ ወደ ፊት ያዘነብላል። ጀማሪዎች ማንኪያ የያዙ ይመስል ወደ ራሳቸው አዙረው ይይዙታል፤ ያኔ በእያንዳንዱ ቅዝፊያ መጨረሻ ውኃ ወደ ላይ ያነሣል፣ ሰሌዳውንም ወደ ታች ይጎትታል።

ማሰሪያ ገመድና ላይፍ ጃኬት

ከሰሌዳ የወደቀ ሰው ከውኃው ይልቅ የሚፈራው የሰሌዳው መራቅ ነው። ባዶ ሰሌዳ ነፋስ ሲያገኘው ሰው ዋኝቶ ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት በላይ ይሸሻል። ስለዚህ ቀዛፊውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ገመድ ከዕቃዎቹ ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ለሐይቅና ለረጋ ባሕር እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለው ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ አይንዘላዘልም። ለማዕበል ቀጥ ያለው ይሻላል፤ የተጠቀለለው ተወጥሮ ሲለቀቅ ሰሌዳውን መልሶ ሰው ላይ ይወረውራል። በሚፈስ ወንዝ ላይ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረ ገመድ ሰው ይገድላል። ሰሌዳው በወደቀ ግንድ በአንዱ ጎን፣ ሰውየው በሌላው ጎን ቢያልፉ ፈሳሹ ውኃ አጥብቆ ይይዘዋል፤ እጁም እግሩ ላይ አይደርስም። በወንዝ ላይ የሚፈቀደው ወገብ ላይ የሚታሰርና በአንድ ጉተታ የሚፈታ ገመድ ብቻ ነው።

ላይፍ ጃኬት ዋና ለሚችልም ለማይችልም ግዴታ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድ በ2008 እ.ኤ.አ. ፓድል ቦርድ ከመዋኛና ከማዕበል መጋለቢያ ቦታ ውጭ ሲወጣ እንደ ጀልባ እንደሚቆጠር ወስኗል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ላይፍ ጃኬት ሰሌዳው ላይ መኖር አለበት። ሕጉ ለአዋቂ መያዝን ብቻ ቢጠይቅም ሰሌዳው ላይ የታሰረ ጃኬት በውኃ ውስጥ ሊለበስ አይችልም ማለት ይቻላል። ለመቅዘፍ የሚመቸው ትከሻው ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ፣ ክንድን የማይዝ ነው። ከእሱ ጋር ፉጨትና ውኃ በማያስገባ ከረጢት የተቀመጠ ስልክ ይጨመራሉ።

ከመክፈል በፊት

ሰሌዳ፣ መቅዘፊያ፣ ፓምፕ፣ ገመድና ቦርሳ አንድ ላይ የሚሸጥባቸው ጥቅሎች ለጀማሪ ይመቻሉ። ዋጋቸው በጣም ዝቅ ያሉት ግን የሆነ ቦታ ላይ ተቀንሶባቸዋል፦ ክሮቹ የተራራቁ፣ ስፌቱ በአንድ ሽፋን ብቻ የተለጠፈ፣ መቅዘፊያው ከባድ፣ ወይም ከ15 ሴንቲ ሜትር የሳሳ ይሆናሉ። ከዋጋው ጋር እነዚህ አራቱ ይነጻጸራሉ።

ያገለገለ ሰሌዳ መግዛት ብልህነት ነው፤ ፍተሻው ግን መዘለል የለበትም። የሚነፋውን እስከ ሙሉ ግፊቱ ነፍቶ ለአንድ ቀን መተውና ግፊቱን መልሶ መለካት ያስፈልጋል። ጎሚስታ የተነፈሰ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ስፌቱና ቫልቩ ላይ የሳሙና ውኃ ሲቀባ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ትንሽ ቀዳዳ በፒቪሲ ቁራጭና በሙጫ ይጠገናል፤ በረጅሙ የተለቀቀ ስፌት ግን ያልተገዛ ይሻላል። ጠጣሩ ላይ እጅን አጥብቆ እየጫኑ ዙሪያውን መዳሰስ ነው፤ የሚረግብ ቦታ ሽፋኑ ከአረፋው መላቀቁን ያሳያል። ከተጻፈው ክብደት በላይ የሚመዝን ሰሌዳ ውስጡ ውኃ ጠጥቷል።

የመጨረሻው ፈተና ውኃው ላይ ነው፤ ሰሌዳ የሚያከራዩ ቦታዎች ባሉበት አገር ተመሳሳይ ልኬት ያለውን ለአንድ ሰዓት ተከራይቶ መሞከር ይቻላል። ቀዛፊው እግሮቹን ከመሀሉ እጀታ ግራና ቀኝ በትከሻው ስፋት ልክ አድርጎ ይቆማል። ከዚያ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሲያይ የፊቱና የኋላው ጫፍ እኩል መቀመጣቸውና መሀሉ አለመርገቡ። ሁለተኛ፣ በአንድ ጎን አምስት ጊዜ ሲቀዘፍ ሰሌዳው አቅጣጫውን ሳይስት መሄዱ። ሦስተኛ፣ ቀዛፊው ሆን ብሎ ወድቆ፣ ከጎን እጀታውን ይዞ፣ ያለማንም እርዳታ መልሶ መውጣት መቻሉ። ሦስቱንም ያለፈ ሰሌዳ ለዚያ ሰውና ለዚያ ውኃ የሚሆን የመጀመሪያ ሰሌዳ ነው።